በእኔ ስም የቆመው መኪና

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁ ለት ዋዜማ ማታ ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። ከቀወት የመጡት የአባቴ ወንድሞች ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ሻንጣዬን አንዴ ይዘጋሉ አንዴ ይከፍታሉ፣ ሙቀቱም የምታውቁት ሙቀታችን ነው፣ ፀሐይ ገብታም ግድግዳው ይፋጃል። የሁሉም ወሬ ግን የእኔ መሄድ ሳይሆን የባሌ ደግነት ነበር። ሰይድ ካናዳ የሚኖር፣ መልከ መልካም፣ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሆኖ ሳለ፣ በልጅነቷ ፖሊዮ ቀኝ እግሯን የያዛትን፣ በሁለት ክራንች የምትሄደውን እኔን፣ ዘሀራን፣ ኒካህ አስሮ መውሰዱ ለሰፈሩ ተአምር ሆኖበታል። አንዷ አክስቴ እኔ እንደማልሰማ ሁሉ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ በዚህ ሥራው አላህ ዘንድ ትልቅ አጅር እንደሚያገኝ ስትናገር እናቴ አሚን አለች። ያን ጊዜ አልከፋኝም። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲደጋግምልህ አንተም ታምነዋለህ።

ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሚኒባሱ በራችን ድረስ መጣ። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባና ነጠላዬን ደርቤ ተጠቀለልኩ፤ ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ ካናዳ ለሚሄድ ሰው ይሄ ብርድ ሳይሆን ሰላምታ ነው ብሎ ሳቀ። ቦሌ ላይ በዊልቸር አስቀምጠው ገፉኝ። በዕድሜዬ ሙሉ በራሴ ክንድ ስሄድ ኖሬ፣ የማላውቀው ሰው ከኋላዬ እየገፋ ሰልፉን ሁሉ ሲያሳልፈኝ ግማሽ ንግሥት ግማሽ ዕቃ የሆንኩ መሰለኝ። አውሮፕላን የምንቀይርበት አገር ግን ዕቃነቱ በለጠ፤ ከሌሎች ዊልቸሮች ጋር አንድ ጥግ ላይ አሰልፈውን ሄዱና ውሃ እንኳ የሚጠይቀን አልመጣም።

ሰይድ ኤርፖርት አበባ ይዞ ተቀበለኝ። ይሄን አልክድም። መኪናውንም ከበሩ ራቅ አድርጎ አቁሞት ስለነበር በበረዶ ላይ ስንሄድ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ስል ያዘኝ። ከዚያ ቤት ደረስን። ቤቱ ከመሬት በታች ነው፤ ቤዝመንት ይሉታል። የሚወረድበት ደረጃ ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ መደገፊያ የሌለው። ሰይድ እንዲህ ያለ ቤት ለእኔ መከራየቱን ቆሜ ሳየው፣ ሌላው ቤት ሁሉ ውድ ነው አለኝ።

አከራያችን ከላይ የሚኖር ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። በሳምንቱ እንደምንም ወጥቼ፣ ሰይድን አስተርጓሚ አድርጌ፣ ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት እንዲያስገባልኝ ለመንኩት። ደረጃው ሕጉ በሚለው መሠረት የተሠራ ነው አለ። እኔም ሕጉ በክራንች ወርዶ ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቀው አልኩት ሰይድን። ሰይድ ረጅም ነገር ተናገረ፣ ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ምን እንዳለው ስጠይቀው፣ ቤቱን በጣም እንደወደድሽው ነገርኩት አለኝ።

ለምንም ነገር ጊዜ የለኝም የሚለው ሰይድ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሙሉ ቀን ሥራውን ትቶ ወሰደኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ ሐኪሙ እግሬን አይቶ ወረቀት ፈረመ፣ ከዚያ አንድ ቢሮ ገብተን ሰማያዊ ካርድ ተሰጠኝ፤ የዊልቸር ሥዕል ያለበት፣ መኪና ውስጥ መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል። የቢሮዋ ሴት ጥሩ ሰው ነበረች። ሰይድ አያስፈልግም እያላት በስልክ አስተርጓሚ ጠርታ ሁሉንም አስረዳችኝ። ካርዱ የመኪናው ወይም የሾፌሩ ሳይሆን የእኔ ነው። እኔ መኪናው ውስጥ ከሌለሁ፣ ወይም እኔን ለማውረድ ወይም ለማንሳት ካልሆነ፣ ማንም ሊጠቀምበት አይችልም። መኪናው ሲቆም ይንጠለጠላል፣ ሲነዳ ይወርዳል። ከሰማያዊው ቦታ አጠገብ ያለው ዝንጉርጉር መስመር ማቆሚያ አይደለም፣ ካርድ ያለውም ሰው ቢሆን አይቆምበትም፤ የዊልቸር መኪና በር ተከፍቶ መወጣጫው የሚዘረጋበት ነው። በመጨረሻም፣ አንዳንዱ ልቡን ወይም ሳንባውን የታመመ ሰው ስለሆነ፣ በደህና እግሩ ሲራመድ አይተሽ ለምን እዚህ ቆምክ አትበይው አለችኝ። እኔ ሁሉንም ሰማሁ። ሰይድ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ካርዱን በዓይኔ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ሰይድ የምግብ ቤት ምግብ በመኪና ያደርሳል፤ ካርዱ ደግሞ የትኛውም ሞል በር ላይ ያቆመዋል። እኔ በዚያች ትንሽ መስኮት በረዶ ሲከመር እያየሁ ስቀመጥ ካርዴ ከተማውን ይዞራል። ጁምዓ መስጊድ ውሰደኝ ስለው፣ ጁምዓ እኮ ፓርኪንግ አይገኝም ይለኛል። ይሄን ሲል አይስቅም፤ ያስቀየመኝም አለመሳቁ ነው።

አንድ ቀን ጓደኛው ሲደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍቶ ያወራል። ጓደኛው ነገ ዘሀራን ታውሰኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰይድ ነገ አይመቸኝም፣ ዘሀራን ቅዳሜ ውሰዳት አለው። ለካ ካርዱን በስሜ ይጠሩታል። አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለልጁ ትምህርት ቤት ይዋሰኛል።  ለምን በስሜ ትጠሩታላችሁ ስለው ቀልድ ነው፣ አገርሽ ቀልድ የለም ወይ አለኝ።

አገሬ ቀልድ አለ። አገሬ ሰማያዊ ቀለም ግን የለም። መናኸሪያው አጠገብ ሻሽና ሂጃብ የምሸጥባት ኮንቴይነር ነበረችኝ፤ የባጃጅ ልጆች ሳልጠይቃቸው ደጃፏ ድረስ አስጠግተው ያወርዱኝ ነበር። ደግሞም አንካሳዋ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፣ ባንኩ በር ላይ ለዊልቸር ተብሎ በተሠራው መወጣጫ ላይም ያንኑ ባጃጃቸውን ያቆሙበታል። ያገሬን ነውር ልሸፍን አልፈልግም። ግን ባጃጁን ያቆመው ልጅ መወጣጫው ለምን እንደተሠራ የነገረው የለም። ሰይድ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቃል በቃል ተነግሮታል።

ሐኪም ቤት የምታክመኝ ነርስ ብቻዬን መውጣት እንደማልችል ስትሰማ፣ አካል ጉዳተኞችን ከቤታቸው የሚወስድ ትንሽ ባስ እንዳለ ነገረችኝና አስመዘገበችኝ። ሾፌሩ ደረጃውን ወርዶ በክንዴ ይዞ ያወጣኝ ነበር። እንግሊዝኛውንም ቀስ በቀስ ከእሱና ከነርሷ ለቀምኩ። ለእግሬ እስፖርት የሚያሠሩኝ ክሊኒክ አንድ ሞል ውስጥ ነው፤ ነገሩ የሆነውም እዚያ በር ላይ፣ ክረምቱ በጠናበት ቀን ነው።

ጨርሼ ባሱን ልጠብቅ ስወጣ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ በዊልቸር ከራሱ መኪና አጠገብ ቆሟል። ጉልበቱ ላይ በረዶ ተቆልሏል፣ ጓንቱ አንድ ብቻ ነው። የመኪናው በር የሚከፈተው በዝንጉርጉሩ መስመር በኩል ነው፤ መስመሩ ላይ ግን ሌላ መኪና ግማሽ ጎኑን አስገብቶ ቆሟል፣ መወጣጫው ሊዘረጋ አልቻለም። ብዙ ቆየህ ወይ አልኩት። እንዲህ ያለው ነገር በየሳምንቱ እንደሚያጋጥመው፣ ለፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ደውሎ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ዞር ብዬ የቆመውን መኪና ሳየው የሰይድ ነው። ካርዴ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ብርዱን ረሳሁት። ሽማግሌው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው በእኔ ስም፣ በእኔ እግር ምክንያት ነው። ሐኪሙ ፊት እርቃኗን ያሳየኋት ቀጭን እግሬ እዚህ ለሰው መሰናክል ሆና ቆማለች። ይሄን ስሜት በምን እንደምነግራችሁ አላውቅም። ጸያፍ ነገር ልብሴ ላይ የደፉብኝ ያህል ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ መጥታ ካርዱን በመስኮት ታነብ ጀመር። ወዲያው ሰይድ የምግብ ከረጢቶች በሁለት እጁ ይዞ ከሞሉ ወጣ። እኔ ከሽማግሌው መኪና ወዲያ፣ በሻርፕ ተጠቅልዬ ስለቆምኩ አላየኝም። እንዳያት ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ሆነ። ባለቤቱ ውስጥ ሐኪም ዘንድ እንደሆነች፣ ምስኪን መራመድ እንደማትችል፣ እሷን ሊያወጣ እንደመጣ ነገራት። ስሟን ጠየቀችው፣ ዘሀራ አላት። ምግቡስ ስትለው፣ ሲርባት ትቆጣለች አለ።

ክራንቼን አስቀድሜ ወደ ፊት ወጣሁ።

«ዘሀራ እኔ ነኝ» አልኩ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ። «ሚስቱ ነኝ። ያመጣኝ ባስ ነው፣ የሚወስደኝም ባስ ነው።»

ሰይድ ፈገግታውን ሳያጠፋ፣ ዓይኑን ከተቆጣጣሪዋ ሳይነቅል፣ በአማርኛ ተናገረኝ።

«ዝም በይና መኪና ውስጥ ግቢ። ቤት እንነጋገራለን።»

«አልገባም» አልኩት። «መጀመሪያ መኪናህን አንሳ። ሰውየው ይግባበት።»

ተቆጣጣሪዋ ቅጣቱን ጻፈችለት፣ ካርዱንም አውርዳ ወሰደችው። የእኔ እንደሆነ ታውቃለች፣ አዝናለችም፤ ግን ያለአግባብ የተያዘ ካርድ ይወሰዳል፣ አንቺ ሄደሽ አስረጂና ሌላ ይሰጥሻል አለችኝ። ሰይድ ምግቡን ኋላ ወንበር ላይ ወርውሮ ያለ እኔ ነድቶ ሄደ። ሽማግሌው መወጣጫውን ዘርግቶ ገባ፤ ከዚያም ማሞቂያውን ለኩሶ በሩን ከፍቶ፣ ባሱ እስኪመጣ ግቢ አለኝ።  አንዷን ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እጆቹን ያሻሽ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ያገር ሰዎች ሊያስታርቁን ቤዝመንቱ ድረስ ወረዱ። ታላቃቸው ጋሼ ይማም ናቸው፤ ከእኛው ከአሊዩ አምባ በኩል የመጡ፣ ሰው የሚያከብራቸው። ሰይድ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ እንደ ተበዳይ ተቀምጧል። ሌሎቹ ስለ ሰብርና ትዕግሥት፣ ስለ ትዳር ክብር ብዙ ካሉኝ በኋላ እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለአንዲት መኪና ማቆሚያ ብለሽ ባልሽን በፈረንጅ ፊት ታዋርጂዋለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ ይማም፣ አንቱም ካርዱን ወስደው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

 ለምን እንደወሰዱት ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የወሰድኩት ለለቅሶ ቤት ነው አሉ። ከዚያ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከመካከላቸው ባለዊልቸሩ ሽማግሌ በብርድ ስንት ቆየ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የፈረንጅ ፊት ግን ሁሉንም አሳስቧቸዋል።

ሰይድ ወደ አገርሽ እመልስሻለሁ እያለ ከረመ። ይሄን ማድረግ እንደማይችል ያስረዳችኝ ነርሷ ናት፤ ከሴቶች መጠለያም ጋር ያገናኘችኝ እሷው ናት። ፍቺዬን ጠየቅሁ፣ ብዙ አንገላቶ ሰጠኝ። ዛሬ ደረጃ የሌለው ቤት ውስጥ እኖራለሁ፣ ልብስ በሚያስተካክል ሱቅ እሠራለሁ። መንዳትም ተማርኩ፤ ነዳጁን በግራ እግር የሚረግጡበት መኪና አለ፣ እኔም አላውቅም ነበር። አዲሱ ካርድ መጥቶልኛል። ሳቆም እሰቅለዋለሁ፣ ስነሳ አወርደዋለሁ፣ መስመሩን አልነካም። ባለፈው ከአገር የመጣች አንዲት ሴት ካርዱን ለአንድ ቀን አውሺኝ ብላ እምቢ ስላት፣ አገሩ ልብሽን አቀዘቀዘው አለችኝ። ብዙዎቹ አይደውሉልኝም። ሰማያዊው ቦታ ላይ ሞተር ሳያጠፉ ስልክ የሚነካኩ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚሉኝ ጤነኞችም አሉ፣ ፈረንጁም የእኛውም ሰው። 

ጁምዓ ማለዳ ቀድሜ መስጊዱ ደጃፍ አቆምኩና እናቴ ዘንድ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። የሰይድ ቤተሰቦች ገበያ ላይ ሲያዩዋት ፊታቸውን እንደሚያዞሩባት ነገረችኝ።

«ትንሽ ሰብር ብታደርጊ ኖሮ» አለች። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጪው?»

መንገዱ ሰላም ነው ወይ አልኳት። ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፣ አንቺ ደግሞ ሮጠሽ አታመልጪ አለችና፣ መልሳ ግን ማንጎው ደርሷል፣ ብትመጪ ጥሩ ነበር አለችኝ።  በመካከሉ በስልኩ ውስጥ የሰፈራችን አዛን ተነሣ። እናቴ ቆዪ አለችኝ፣ እኔም እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ስልኩን ረስታው ተነሣች መሰለኝ፣ ጀሪካኑ ሲንኳኳ፣ ውሃው ሲፈስ፣ ኮቴዋም ወደ ውስጥ ሲሄድ ይሰማኛል። ስልኩን አልዘጋሁትም። ሰግዳ እስክትጨርስ ድረስ የቤታችንን ድምፅ እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ።