የኖራዋ መርከብ

ማንጎ ሲሸተኝ መርከብ ትዝ ይለኛል። ሳቅ፣ ግድ የለም። ዛሬ ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ የለቀቀውን ክፍል ስናጸዳ አልጋው ሥር የተረሳ ማንጎ አገኘን፤ በስሎ በስሎ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። የጽዳት ልጆቹን «እናንተ ጨርሱ» አልኩና በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። መጥተህ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ የጮህኩብህ ለዚህ ነው። በል ቁጭ በልና ስማኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ነጥብ ያልሞላልን አምስት ልጆች ነበርን። የእንግሊዝኛ መምህራችን የጉቴ ሰው ነበር፤ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የሚቀላቅል። «ቶሌ፣ ቶሌ፣ ይሁን! ዓለም በዚህ አታልቅም» አለንና ወሬ ይዞልን መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማሠልጠኛ በቱሪስት መርከብ ላይ የሚያስተናግዱ ሠራተኞችን ያሠለጥናል፤ ከእኛ ከተማ አንድ ሰው በነፃ ይወስዳል። ፈተናው የመርከብ እንግሊዝኛ ነው። እስቲ አስበው! ከአንገር ወንዝ የሚበልጥ ውኃ ያየ አንድም ሰው ከመሃላችን አልነበረም።

መምህሩ ስለ መርከብ የሚያስተምር አንድ ስስ መጽሐፍ ነበረው። ሽቦውን ነቀለና ለአምስት ከፋፍሎ አደለን። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ወረቀቱን ማንም ለማንም አያሳይም፣ በስልክ ፎቶ ማንሳትም የለም። እያንዳንዱ የደረሰውን ለሌሎቹ በቃሉ ያስተምራል፤ የእነሱን ደግሞ ከአፋቸው ይማራል። «መርከብ ላይ መጽሐፍ ገልጦ የሚያዝ እንግዳ የለም፤ ቃል ከሰው አፍ ሲሰማ ነው የሚገባው» ይለን ነበር።

ከአምስታችን አንዷ ለነበረችው ለጓደኛዬ የመኝታ ክፍሎቹ ደረሷት፤ ለእኔ የመርከቧ ጎኖችና የአደጋ ጊዜ ቃላት። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ እዚህ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እሑድ እሑድ ስንቋን በአይሱዙ ላይ ጭና ትመጣለች፤ የበቆሎ ዱቄትና ማንጎ። ገና ሻንጣዋን ሳታስገባ የማንጎውን ግማሽ ለእናቴ ታራግፋለች። ከዚያ ጓሮ ተቀምጠን፣ ጭማቂው እስከ ክርናችን እየወረደ፣ ከቢን መኝታ ክፍል፣ ዴክ የመርከብ ወለል፣ ጋሊ ማዕድ ቤት እንባባላለን። ወረቀቴ ላይ ሁሉ የጣቴ ቢጫ አሻራ ነበር።

እሷ አንድ ቃል አንዴ ከሰማች በቃ ነው። ዓይኗን ጨፍና ትደግመዋለች፣ አለቀ። እኔ በሳምንቱ ተመልሼ እጠይቃለሁ። እናቴ ደግሞ በመስኮት ትሰማንና «ምነው አንቺም እንደሷ በሆንሽ!» ትለኛለች። ሐቁን ልንገርህ አይደል? ቀናሁ። አንድ ቀን የማንጎ ልጣጭ እየሰበሰበች፣ «ይሄ ካልተሳካ ወደ ቤት ነው። አባቴ ሊድረኝ ለሰው ቃል ሰጥቷል፤ አንድ ክረምት ብቻ ነው የታገሠኝ» ብላኛለች። አሁን የምነግርህን ያደረግኩት ይሄን እያወቅኩ ነው ማለቴ ነው።

የመርከብ ቀኝ ጎን ስታርቦርድ፣ ግራው ፖርት ይባላል። ለሦስቱ ልጆች በትክክል ነገርኳቸው። ለእሷ ገለበጥኩት። ዓይኗን ጨፈነችና «ስታርቦርድ ግራ፣ ፖርት ቀኝ» አለች። «ወላሂ አልረሳውም።» ደግሞም አልረሳችውም።

በፈተናው ጠዋት መምህሩ የኳስ ሜዳው ላይ በኖራ ትልቅ መርከብ ሥሎ ጠበቀን፤ ደረጃው፣ ማዕድ ቤቱ፣ ክፍሎቹ፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ሁሉ በነጭ መስመር። ሣሩ ጤዛ ነበረው። ከአዲስ አበባ የመጣች ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታዛለች፣ ተፈታኙ በመስመሮቹ መሃል ይሄዳል። ጓደኛዬ እንደ ቤቷ ነው የሄደችበት። ሴትዮዋ እየደጋገመች ራሷን በአድናቆት ትነቀንቅ ነበር። መጨረሻ ላይ «አደጋ! እንግዶቹን በስታርቦርድ በኩል ወዳለው ጀልባ ውሰጂ!» አለቻት። ጓደኛዬ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች፤ ወደ ግራ። በግራ በኩል ጀልባ አልተሣለም። የኖራውን መስመር ተሻግራ ሣሩ ላይ ቆመችና ፈገግ ብላ ዞረች።

«ምነው ልጄ» አለ መምህሩ፣ «እንግዶቹን ባሕር ከተትሻቸው እኮ። ይሄን ገጽ ማን ነው ያስተማረሽ?»

ወደ እኔ አየች። ስትከሰኝ እንዳይመስልህ፤ ግራ ገብቷት ነው። «ስታርቦርድ ግራ አላልሽኝም?»

«ቀኝ ነው ያልኩሽ» አልኳት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «እውነቷን ነው መምህር፤ እሷ በደንብ ነግራኛለች። ይሄ የኔ ድንጋይ ራስ ነው።» ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዛኝ ነበር። «ያን ሁሉ ቀን ለፍተሽብኝ አሳፈርኩሽ፤ አፉ በይኝ» አለችኝ። እኔም፣ አፌ ይቆረጥና፣ «አፉ ብያለሁ» አልኳት። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ጉቲን ገባች። ከመስቀል በኋላ ተዳረች።

እኔ አለፍኩ። ሠለጠንኩ። የጠራኝ መርከብ ግን የለም፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚሁ ነቀምቴ አልጋ አስነጥፋለሁ። ባሕርም አላየሁ።

አምና መናኸሪያ አገኘኋት። ከስታ፣ ጠቁራ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ይዛ። አቅፋ አልለቅ አለችኝ። «ይቺ ናት የነገርኩሽ፣ እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ» አለቻት ልጇን። ከዚያ ለእኔ፣ «ከክፍሏ አንደኛ ናት። አልሐምዱሊላህ፣ ጭንቅላቷ በኔ አልወጣም።»

ይሄን ስትል አልቻልኩም። «ስሚኝ» አልኳት። «አንቺ አልረሳሽም። ሆን ብዬ ገልብጬ ነው ያስተማርኩሽ። አንቺ እንዳታልፊ።»

ሳቀች፤ የድሮ ሳቋን። ጉንጬን በሻካራ መዳፏ ዳበሰችኝ። «አየሽ» አለች ልጇን፣ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው። እኔ እንዳላፍር ብላ ጥፋቴን በራሷ ታደርጋለች።»

«እመቤቴን! እውነቴን ነው!»

«ተይ እንጂ ሆዴ። ድሮም ደግ ነሽ።»

ረዳቱ «ጉቲን! የሞላ ጉቲን!» እያለ ይጣራል። ዘንቢሏን አነሳች። «በይ የአስተማሪዬን እጅ ሳሚ» አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው፤ እኔም አልሰበሰብኩትም።