ሁለት ጊዜ የተነፋላት ማንጠግቦሽ

ወናጎ አካባቢ ባለችው ቀበሌያችን አቶ ጅግሶን የማያውቅ የለም፤ ሰላም የሚለው ግን አልነበረም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት በማለዳ ኮረብታው ላይ ይወጣና ሦስት ጊዜ አስረዝሞ ነፍቶ የሟቹን ስም ይጠራል። ያን የሰማ ጎረምሳ ሁሉ ዶማውን ይዞ ጉድጓድ ሊቆፍር ይወጣል። የተጣላም ቢሆን ይወጣል። እኛ ዘንድ በቀብር ቂም አይያዝም።

በደርግ ጊዜ ቀበሌውም በዚሁ ጡሩምባ ይጠቀም ነበር። ስለ ወታደራዊ መንግሥት የተማሩ ሰዎች ብዙ ይላሉ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ይወጣል፣ በክፍለ ሀገሩ በኩል ዲላ አውራጃው ዘንድ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ወረዳው፤ የእኛ ሊቀመንበር ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ቁጥር ብቻ ሆኗል። «አሥራ አምስት ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና።» አሥራ አምስት ካልሞላ ሊቀመንበሩ ራሱ ይጠየቃል። ጅግሶ ደግሞ የሊቀመንበሩ አፍ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ከነፋ ስብሰባ ነው። ስብሰባ ሄደው የታፈሱትን ካየን በኋላ ግን እኛ ጎረምሶቹ አጭሩን ድምፅ ስንሰማ እንሰቱ ውስጥ መደበቅ ጀመርን።

በ1981 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማለዳ ረጅሙ ተነፋ። ሦስት ጊዜ። «ማንጠግቦሽ አረፈች!»

ማንጠግቦሽ የራሱ የጅግሶ ሚስት ናት። ከትናንት በስቲያ ገበያ ላይ በደህናዋ አይተናት ነበር፤ ቢሆንም ሞት ቀጠሮ የለውም ብለን ወጣን። እኔና ከፈለኝ፣ የጎረቤታችን የገበያነሽ አንድያ ልጅ፣ ዶማችንን ተሸክመን እየሮጥን ሄድን። መቃብሩ ቦታ ስንደርስ የጠበቀን የወታደር ኦራል መኪና ነው፤ አፍሰው ጫኑን። ዶማዎቻችን እዚያው መንገድ ላይ ቀሩ።

በኋላ እንደሰማሁት ሊቀመንበሩ «ረጅሙን ነፍተህ የአንድ ሰው ስም ጥራ» ሲለው ጅግሶ በጎረቤት ቤት ላይ ሞት መጥራት ፈራ። ሟርት ነዋ። ስለዚህ የገዛ ሚስቱን ጠራ። ደግነቱ ይችን ታህል ነበረች። አስቡት፤ የሰውን ልጅ ለጦርነት ለመስጠት ያላፈረ ሰውዬ ሟርት ፈራ! እስከ ዛሬ ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

በ1983 ደርግ ሲወድቅ እኔ እያነከስኩ ተመለስኩ። ከፈለኝ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። ሊቀመንበሩ ቤቱን ዘግቶ ጠፋ። ጅግሶ የት ይሂድ? እድሩ አስወጣው። ጡሩምባውን ማንም መንካት ስላልፈለገ እሱው ዘንድ ቀረ፤ እድሩ ሌላ ገዛ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ባልና ሚስቱ ያችን ቤት ይዘው ብቻቸውን ቀሩ። ማንጠግቦሽ ምን አጠፋች? ምንም። በሕይወት መኖሯ ግን እንደ ጥፋት ተቆጠረባት፤ እሷን ያየ ያን ጠዋት ያስታውሳል። ምንጭ የምትወርደው ሌሎቹ ሴቶች ቀድተው ከተመለሱ በኋላ ነበር። እኔም መንገድ ላይ ሳገኛት ፊቴን አዞር ነበር፤ አሁን ያሳፍረኛል።

በ1997፣ ቡናው በቀላበት ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ ያ አሮጌ ጡሩምባ ተነፋ። ሦስት ጊዜ። «ማንጠግቦሽ አረፈች!» ድምፁ ተሰነጣጥቋል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ አልተነሳሁም። ማንም አልተነሳም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ደግሞ ነፋ። ፀሐይ ወጣች። አሁንም ነፋ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ረፋዱ ላይ መቃብሩ ቦታ ብቻውን ሲቆፍር አየሁት። ስልሳን የዘለለ ሰውዬ ነው፤ ጉድጓዱ ጉልበቱ ድረስ እንኳ አልደረሰለትም። ሰፈሩ በየአጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። እኔም እንደነሱ ቆሜ አያለሁ። አሳዘነኝ፤ አጥሩን ግን አልተሻገርኩም።

ገበያነሽ ብቻ ወደ ጅግሶ ቤት ሄደች። ገብታ የማንጠግቦሽን ፊት ገልጣ አየች። ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰችና አንድ ዶማ ይዛ ወጣች። ከፈለኝ ያን ቀን መንገድ ላይ የጣለው ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ጣሪያ ሥር ሰክታ አስቀምጣዋለች። እኔ ወደቆምኩበት አጥር መጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ልጄ ሊቆፍር የወጣው ለሷ ነው» አለችኝ። «የጀመረውን ጨርስለት።»

ሄጄ ቆፈርኩ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። አንዱ ሽማግሌ አጭር ጸሎት አደረሰ፤ ቀበርናትና ተበተንን። ከጅግሶ ጋር ለቅሶ ሊቀመጥ የሄደ አልነበረም።

ገበያነሽ ዶማውን ከእኔ ስትቀበል ጅግሶ ገና ከአፈሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ጡሩምባው ጭኑ ላይ ነው።

«ገበያነሽ» አላት ቀና ሳይል። «ይሄን ሁሉ ዓመት ለከፈለኝ ያለቀሰለት የለም። ለሱም ልንፋለት?»

እሺ ልትለው መስሎኝ ነበር።

«አንተ ነፍተኸው ማን ያምናል?» አለችው። «እናቱ እኔ እንኳ አላምንም።»

ዶማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ወረደች።