የእትዬ ራቢአ ጄኔሬተር

መጻፍ ሳልችል ለመጻፍ መነሣቴን ይቅር በሉኝ። ፊደል የለየሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አንዱን ነገር ስጀምር መጨረሻው ይጠፋኛል። ግን እትዬ ራቢአን የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ ዝም ማለት አይሆንለትም። እንደማወራው አድርጌ ልጻፈው።

እትዬ ራቢአ ሱሉልታ ላይ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከሽመክት ምግብ ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብላ ያለችው ጠባብ ሱቅ የእሷ ናት። ቅቤውን የምታመጣው ከጫንጮ ነው። እዚያ ኦቦ ኦዳ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አሉ፤ ብሩን ሳይቀበሉ ቅቤውን ያስይዟታል፣ እሷም ሸጣ ስትመለስ ትከፍላቸዋለች። ቅቤ ስትገዛ አትቀምስም። ጥፍሯ ላይ ትንሽ ታደርግና ታሸተዋለች፤ ከዚያ "ይቺ ላም የበላችው ገለባ ነው" ወይ ደግሞ "ይሄ የመስከረም ሣር ነው" ትላለች። እውነት ይሁን አይሁን አላህ ይወቅ። ማንም ተከራክሯት ግን አያውቅም።

ሽመክት ደንበኛዋ ነበር። ለክትፎውም ለወጡም ቅቤ የሚወስደው ከእሷ ነው፣ በዱቤ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ሥራው ቀዘቀዘበትና "ነገ፣ ከነገ ወዲያ" ማለት አመጣ። እሷ ቻለች፣ ቻለች፤ በመጨረሻ ኦቦ ኦዳን ባዶ እጇን ማየት አሳፈራትና ጫንጮ መሄዱን ተወች። ቅቤ ነጋዴ ጫንጮን ከተወች ምን ቀራት? ሽማግሌ ላከችበት። ሽመክት ለሽማግሌዎቹ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "ቅቤው ንጹሕ አልነበረም። ድንች ተቀላቅሎበታል።"

ይሄን ሲነግሯት ሻሿን አጥብቃ አሰረች። "ብሩን ቢክደኝ እችለው ነበር" አለች። "ቅቤዬን ግን ድንች ብሎ በሰው ፊት?" በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄዳ ከሰሰችው።

ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። ለሽመክት አስተርጓሚ ቆመለት፤ እሷ ግን በገበያ ኦሮምኛዋ ዳኛው "ለተጠየቁት ብቻ ይመልሱ እትዬ" እስኪሏት ድረስ አወራች። ዳኛው ሽመክትን ስለ ድንቹ ማስረጃ ጠየቁት። አልነበረውም። ቅቤውን መውሰዱን ደግሞ የገዛ ወጥ ቤቱ ድንቅቱ መሰከረችበት። ተፈረደላት።

ያለቀ መስሏት ጎረቤቱን ጠርታ ሻይ አፈላች። የት አልቆ! ሽመክት እልህ ይዞት ይግባኝ አለ። የበላዩ ፍርድ ቤት ይግባኙ እስኪታይ ፍርዱ እንዳይፈጸም አገደው። እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና መመላለስ። ቆይቶ ቆይቶ የበላዩም ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናላት።

"አሁንስ ብሩን ትሰጡኛላችሁ?" አለቻት የመዝገብ ቤቷን ልጅ።

"እኛ አንሰጥም እናቴ። አሁን የአፈጻጸም ፋይል ይከፍታሉ። ንብረቱ ተይዞ በሐራጅ ይሸጥና ከሽያጩ ይከፈልዎታል። ንብረቱን የሚያሳዩት ግን እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? ሰው ቤት ገብቼ ይሄን ውሰዱ ልበል?"

"እርስዎ።"

ከክሱም ከይግባኙም ይሄ ከበዳት። የሽመክትን ዕቃ አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ወንበሮቹ ላይ ተቀምጣ በልታለች። ማቀዝቀዣው የተገዛ ቀን "መብሩክ" ብላ ገብታለች። ቴሌቪዥኑን ያየችው ሚስቱ ወርቅውሃ ወልዳ ልትጠይቃት በሄደችበት ነው። ስታስብ ከርማ በመጨረሻ "ጄኔሬተሩ" አለች። ማንም አልበላበትም፣ ማንም አልተቀመጠበትም ብላ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ቻርጅ የሚደረገው በእሱ መሆኑን ረሳችው። የራሷም ጭምር።

ጄኔሬተሩ ተገመተ፤ ግምቱ ከዕዳው ብዙም አልራቀም። የሐራጁ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በቀኑ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ሽመክት ደጅ መጣ፤ ሊገዛ ግን አይደለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ አግዳሚ ተሸክመዋል፤ ልክ እንደ ለቅሶ። እኛ ሰፈር ሰው ቤት ችግር ሲገባ ሄዶ አብሮ ከመቀመጥ ሌላ አናውቅም። ሐራጁን የሚያካሂደው ሠራተኛ መነሻውን ጠርቶ "ማን ይጨምራል?" አለ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

"ሐራጅ ነው እኮ ይሄ" አለ ሠራተኛው።

"እናውቃለን ልጄ፣ አንተ ሥራህን ሥራ" አሉት ከአግዳሚው ላይ።

በዚህ መሃል እትዬ ራቢአ ብቅ አለች። በትልቅ ትሪ ንፍሮ ይዛለች። ወርቅውሃ በር ላይ ቆማ አየቻት።

"እትዬ ራቢአ፣ ሐራጁን ያስወጣሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ንፍሮው ምንድን ነው?"

"ሰው ተሰብስቦ ባዶ እጄን ልምጣ? ያዥልኝ ይልቅ፣ ክንዴ ዛለ።"

ወርቅውሃ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሽመክት ፊቱን አዞረ፤ ትሪው ሲዞር ግን እሱም አንድ እፍኝ ዘገነ።

ተጫራች አልተገኘም። ሁለተኛው ሐራጅም እንዲሁ አለፈ፤ ንፍሮውም ተደገመ። ያን ጊዜ ዳኛው ጠሯትና "ወይ ጄኔሬተሩን በግምቱ ይረከቡ፣ ወይ ሌላ ንብረት ያሳዩ" አሏት። እንደገና ሰው ቤት ገብታ ዕቃ ልታሳይ? "እረከባለሁ" አለች።

የርክክቡ ቀን መብራት የለም። ሠራተኛው "ሲሠራ አይተው ይፈርሙ" አላት። ገመዱን ሳበችው፤ ዝም። ሠራተኛው ሳበው፤ ዝም። ሽመክት እጁን አጣምሮ በር ላይ ቆሟል። ከተካሰሱ ወዲህ እርስዎ እያለ ነው የሚያናግራት።

"ጎኑን በእግርዎ መታ ማድረግ ነው" አላት ከዚያው ሆኖ።

"ና አሳየኝ።"

እያቅማማ መጣ። ጎኑን መታ አደረገና ገመዱን ሳበ፤ ጄኔሬተሩ አገሣ። ድምፁን የሰማ ሁሉ ስልኩንና ገመዱን ይዞ ከየቤቱ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ማንን ያስፈቅዱ? ሽመክትን አዩት፤ ሽመክት እሷን አየ። ባጃጅ ነጂው የህያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ፣ ቻርጅ አለ እንዴ?"

እትዬ ራቢአ እስክሪብቶውን ከሠራተኛው ተቀበለች።

"አለ። ሰካ" አለችው። ከዚያ ፈረመች።

"ጋሪ ይጠራ፣ የት ይጫን?" አለ ሠራተኛው።

የት ትወስደዋለች? ሱቋ እሷንና ቅቤዋን እንኳ የሚችለው በግድ ነው። "እዚሁ ይሁን፣ አከራይቼዋለሁ" አለች።

"ለማን?" አለ ሽመክት።

"ለዚህ ቤት። በየወሩ ትከፍለኛለህ። የመጀመሪያውን ግን አሁን ነው የምፈልገው። ጫንጮ ብራቸው እኔ ጋ የቆየ ሰው አሉ።"

"ባልከፍልሽስ?"

"የፍርድ ቤቱን መንገድ እንደሆነ አውቄዋለሁ።"

የህያ ሳቀ። ሽመክት ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

"ምን አልክ? ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ አይሰማኝም።"

"ድንቹን ነው የምልሽ።"

"ምን ድንች?"

"ድንች አልነበረበትም!" አለ በጩኸት። መንገድ ማዶ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩት።

"አዎ፣ አልነበረበትም" አለች እትዬ ራቢአ ቀስ ብላ። ወርቅውሃም መቀነቷን ፈትታ የወሩን ኪራይ በእጇ አስያዘቻት።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ጫንጮ ሄደች። ኦቦ ኦዳ ከድሮ ቦታቸው አልተነቃነቁም።

"አካም ቡልቴ፣ አደ ራቢአ" ብለው እንዴት አደርሽ አሏት፣ ባለፈው ገበያም መጥታ እንደነበረች ሁሉ።

"ነጋ" ብላ ሰላምታውን መልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ብሩን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። "የቀረው በየወሩ ነው ኦቦ። ቆየሁብዎት።"

ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱትና በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ኮባውን ገለጥ አድርጋ ጥፍሯ ላይ ትንሽ አነሣች፤ አሸተተችው።

"ገለባ ነው" አለች።

"ምን ላድርግ፣ ዝናቡ ቀረብን" አሏት። እሷም ቅቤውን ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ አስቀመጠች።