ካሣውን ማን ከፈለ?

አዳነች በስደት አገር፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ባለው የሀበሻ ቤተ ክርስቲያን ለእንግዳ ተናጋሪ ማስተርጎም ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። እንግሊዝኛውን የለቀመችው እዚያው ከተማ ሶዶ በሚሉት ሰፈር ከምትሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ፣ ከሄይቲዋ ዠርሜን ጋር አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲያጥፉ ነው። የሁለቱም ስብርብር ስለሆነ ይግባባሉ።

ሰሞኑን ግን ሽማግሌዎቹ፣ "እዚህ የተወለደችው ናርዶስ ትሞክር" ማለት ጀምረዋል። ፓስተር ሥዩምም ቁርጡን ነገሯት። "አንድ ስህተት ከተሰማ ማይኩን ለናርዶስ ነው የምንሰጠው።" መቼም ሳምንቱን ሙሉ ማንም ቀና ብሎ የማያያት ሴት፣ ሰው ሁሉ አፍ አፏን የሚያያት ያን ማይክ ስትይዝ ነበር።

የዚያን እሁድ ዠርሜን ራሷ ስለ አገሯ ልትናገር ተጋበዘችና ጎን ለጎን ቆሙ። ፈረንሳይ ሄይቲን መግዛቷን፣ ባሮቹ ተነሥተው ጌቶቻቸውን ማባረራቸውን ተናገረች። ቀጥላም ሄይቲ ለፈረንሳይ ካሣ ከፈለች አለች።

አዳነች በጆሮዋ ደህና ሰምታለች። ግን አያቷ አገር ቤት ሾላ ሥር ተቀምጠው የደም ነገር ሲዳኙ፣ ካሣ የሚከፍለው ያጠፋው ነበር፤ የሚቀበለው እንባው የፈሰሰው። አፏ በዚያው በለመደው መንገድ ሄደ።

"ፈረንሳይ ለሄይቲ ካሣ ከፈለች!"

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ዠርሜን ግራ ገብቷት፣ "አዳ፣ ምን አልሻቸው?" አለቻት።

አዳነች መሳሳቷ ያኔ ገባት። ከናርዶስ በቀር ያወቀባት የለም፤ እሷም አንገቷን ደፍታለች። ዝም ብትል ማይኩ በእጇ ይቀራል። ዠርሜን ግን ስለ አገሯ ሰው ፊት ቆማ ስትናገር በዕድሜዋ ገና የመጀመሪያዋ ነው።

"ይቅርታ ወገኖቼ፣ ገልብጬዋለሁ። የከፈለችው ሄይቲ ናት።"

"ባሪያው ለጌታው?" አሉ ጋሽ ሳህሌ ከኋላ ጮክ ብለው። "ታዲያ ይሄ ምኑ ካሣ ነው? ሌላ ቃል ፈልጊለት እንጂ!"

"ቤዛ ነዋ!" አለች አንዷ።

"ተይ እባክሽ! ቤዛን ለፈረንሳይ አትስጪብን!" አለቻት አጠገቧ ያለችው።

ሰው ሳቀ። ፓስተሩ ግን አልሳቁም፤ በእጃቸው ናርዶስን ጠሩ። አዳነች ማይኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስረከበችና ከፊት ተቀመጠች።

ናርዶስ ጥርት ባለ ድምፅ ቀጠለች። "ሄይቲ የምትከፍለው ስላልነበራት፣ ከዚያው ከፈረንሳይ ባንኮች ተበደረች። ነፃ ወጥታም እንኳ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ ፍላጎቱን ስትከፍል ኖረች።"

"የምን ፍላጎት?" አሉ ጋሽ ሳህሌ።

ናርዶስ ፊቷ ቀላ። "ኢንተረስቱን... ሶሪ፣ እትዬ አዳነች፣ ምንድነው የሚባለው?"

"ወለድ በይ ልጄ" አለች አዳነች ከተቀመጠችበት። "ብድሩ ወለደባቸው። የተወለደውም ወለደ።"

ጋሽ ሳህሌ፣ "እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ገባኝ" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ከዚያ በኋላ ናርዶስ ከበድ ያለ ቃል በመጣ ቁጥር ወደ አዳነች ዘወር ትል ጀመር። አዳነችም ቃሉን ያለ ማይክ፣ እንደ ተቀመጠች ታቀብላታለች። ፓስተሩም እየሰሙ አልከለከሏትም።