ሐጂን ያስማልኩበት ሚዛን

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ አመሌ ነው። ከባድ ማሽን የሚጭን ሎቤድ ስነዳ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ባለቤቱ የሚነግረኝን ክብደት አንድም ቀን እንዳለ ተቀብዬ አላውቅም። «ቀላል ናት፣ ምንም አትልህም» ይሉሃል፤ ስትጭናት መኪናህ ይንበረከካል።

ያን ቀን ከጭሮ ወደ መቻራ የምወስደው ኤክስካቫተር የአንድ ሽማግሌ ነበር። ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል፣ እኔም ሐጂ አልኳቸው። የማሽኑን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሃያ ሁለት ቶን ይላል። ወረቀት ደግሞ ከዚህ በፊት ሸውዶኛል። አንዳንዱ የሚጽፈው የማሽኑን ራቁት ክብደት ነው፤ ነዳጅ የሌለው፣ ዘይት የሌለው፣ መቆፈሪያ ባኬቱ የተፈታ። እንዲህ ያለ ማሽን ጭሮም ሆነ በደሳ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ጠግቦና ለብሶ ነው የሚጫነው።

«ሐጂ፣ ይሄ ከነባኬቱ ነው?»

«ከነባኬቱ፣ ከነነዳጁ። አንብበው እንጂ!»

አነበብኩት። እንዳሉት ነው። ቢሆንም አላመንኩም። በትልቅ ባኬት ቀይረው ቢሆንስ? ማሽኑን ሦስቴ ዞርኩት፣ ጎንበስ ብዬ ከሥሩም አየሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ሳቀብኝ። «ልታገባት ነው እንዴ እንዲህ የምታጠናት?» አለ። ለመሳቅ ፊቴ እሺ አላለኝም።

የሚያስጨንቀኝ መቻራ ሳንደርስ ያለው ጠባብ ድልድይ ነው። ከአርባ ቶን በላይ እንዳይሻገር የሚል ሰሌዳ ቆሞበታል። የኔ መኪና ከነተሳቢው ባዶውን፣ ሊብሬው ላይ እንደተጻፈው፣ አሥራ ስድስት ቶን ነው። ከማሽኑ ጋር ሲደመር ሠላሳ ስምንት ይሆናል። ሐጂ እውነት ከተናገሩ እንሻገራለን። ከዋሹ ግን ከሥር ገደል ነው፣ እኔ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉኝ።

ሐጂና ኦፕሬተሩ ጋቢና አብረውኝ ተቀምጠዋል። በደሳ ስንደርስ ለማንም ሳልነግር መሪውን ጠምዝዤ አንድ የቡና መጋዘን ግቢ ገባሁ። የመኪና ሚዛን እንዳላቸው አውቃለሁ። ጭነቴን እንደያዝኩ ወጣሁበት። አርባ ሁለት ቶን!

ደሜ ፈላ። «ሐጂ! አራት ቶን ደብቀው ሊገድሉኝ ነው?» ብዬ ጮህኩ። ቡና ሊያራግፉ የመጡ ሰዎች ከበቡን። ሽማግሌው ክው አሉ። «እኔ የማውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው» አሉ። «እንግዲያው ይማሉልኝ!» አልኳቸው። አባቴን የሚበልጡ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ወላሂ» አሉ። እኔ ግን በሆዴ፣ ወይ ጉድ፣ ጭራሽ በሐሰት ይምላሉ እያልኩ ነበር።

ነገሩን የቆረጠው ኦፕሬተሩ ነው። ማሽኑን አስነስቶ ከተሳቢው ላይ አወረደውና «በል፣ አሁን ባዶህን ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ሃያ ቶን።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል!» ብዬ መዛኙ ላይ ጮህኩ። ሰውዬው የተሳቢዬን ወለል አየ። እኔም አየሁት። ወለሉ ሲሰነጠቅብኝ ወፍራም ላሜራ ከዳር እስከ ዳር አስበይጄበታለሁ። ማሽን የሚወጣበትንም መወጣጫ በከባድ ብረት አስቀይሬዋለሁ። ከዚያ ሁለተኛ የነዳጅ ታንክ ተጨመረ፣ ትርፍ ጎማዎች ተጨመሩ፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ሰንሰለትም አለ። ሊብሬው ግን መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን ቁጥር ይዞ ተቀምጧል። የሰውን ወረቀት ሁሉ ስጠረጥር የራሴን አንድም ቀን ጠርጥሬው አላውቅም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «ሐጂ፣ ደፈርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ክንዴን ይዘው አነሱኝ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «የኔን ተወው፣ ይቅር ብያለሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ማሽኑን እናወርደዋለን፤ እሱም ለብቻው ይሻገራል፣ አንተም ባዶህን። ግን ይሄን ብረት ካስበየድክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«አራት ዓመት።»

«በዚያ ድልድይ ስንቴ ጭነህ ተሻገርክ?»

ዓይኔ ላይ የመጣብኝ የገበያ ቀን ነው። አህያ እየነዱ ድልድዩ ላይ ያሉ ሴቶች ስደርስባቸው ጥሩምባ እነፋባቸዋለሁ። እንዳልነካቸው ልጆቻቸውን አቅፈው ጠርዙ ላይ ተጣብቀው ያሳልፉኛል። ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል፣ እኔም አውለበልብላቸዋለሁ። ከሥሬ የሚሰማኝን መንቀጥቀጥ፣ መንገዱ ነው እል ነበር።