ለሁለት አኩራፊዎች አንድ ሳክስፎን

ባለፈው ሳምንት ወሎ ሰፈር ማኪያቶ ልጠጣ የገባሁበት ካፌ መስታወት ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ቤት ባንዶች የሚያዘጋጀው የጃዝ ፌስቲቫል ዘንድሮም አለ። ጥሩንባና ጊታር የያዙ ልጆች ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ ከራሳቸው በላይ በትልቁ «ሙዚቃ ያፋቅራል» ተብሎ ተጽፏል። ብቻዬን ሳቅሁ። አስተናጋጇ ዞር ብላ አየችኝ። ያፋቅራል ይላሉ! እኔ እዚያው ፌስቲቫል ላይ ስወዳደር አጠገቤ ከቆመው ልጅ ጋር ቃል ሳንለዋወጥ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የምንነፋው ደግሞ አንድ ሳክስፎን ነው።

ልጅነቴ ያለፈው ካዛንቺስ ነው። አሁን ቦታውን ላሳያችሁ ብል አልችልም፤ አስፋልት ሆኗል። ያኔ ግን የቀበሌ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት፣ አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ያለው ግቢ ነበር። የአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ የሌላው ቤት ዓይን ያለቅሳል። ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ ዘውዴ ይባሉ ነበር። ብሩክ የሳቸው ልጅ ነው፤ እኩያዬ፣ የክፍሌ ልጅና ጠላቴ።

ጠቡ የተጀመረው በውሃ ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለነበር የምትመጣው ሲያሻት ነው። አንድ የፋሲካ ዋዜማ እናቴ በርሜላችንን ቧንቧው ሥር ደቅና ገበያ ሄደች። ስትመለስ በርሜላችን ባዶውን አጥር ጥግ ቆሟል፤ የእትዬ ዘውዴ በርሜል ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ውሃዋም ሄዳለች። ያን ዓመት የበዓሉን ዶሮ ያጠብነው ሌላ ግቢ ድረስ ሄደን በለመንነው ውሃ ነው። እትዬ ዘውዴ «ሰው የሌለው በርሜል ተራ አይይዝም» አሉ። እናቴ ባዶውን በርሜል አንከባልላ ቤት አስገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋቻቸው፤ እሳቸውም ዘጓት።

ኩርፊያ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። እናት ስትኮርፍ ልጅም አብሮ ይኮርፋል። ሰላምታ የለም፣ እሳት መጫጫር የለም፣ ጨው መበዳደር የለም። የግድ መነገር ያለበት ነገር ሲመጣ ለሰውየው አይነገርም፤ በአጠገቡ ላለ ዕቃ ይነገራል። እናቴ የጋራ ግድግዳችን ፊት ትቆምና «አንተ ግድግዳ፣ የሰው በርሜል የሚገፋ እጅ አይባረክ!» ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል እትዬ ዘውዴ ለመጥረጊያቸው ሲናገሩ ይሰማል፤ «አንቺ መጥረጊያ፣ አንቺ እንኳ ሥራ አለሽ። ሥራ የፈታ ከግድግዳ ጋር ያወራል።» የነፍስ አባታችን ሊያስታርቁ መጥተው ሁለቱም ቤት ጠበል ረጭተው ከመሄድ በቀር የፈየዱት ነገር አልነበረም።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አቋቋመ። አሠልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጡ፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ፣ ወገባቸው የማይጎብጥ ሰው ነበሩ። ትንፋሽ ያለውን ልጅ የሚለዩት ፊኛ በማስነፋት ነው። ሁሉም እየደከመ ሲተው የእኔና የብሩክ ፊኛ እኩል ፈነዳ። የነበረው ሳክስፎን ግን አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ታደሰ «ሁለታችሁ ጎረቤት አይደላችሁ? እየተፈራረቃችሁ ቤት ወስዳችሁ ተለማመዱ» አሉ፣ ችግሩ ስለተፈታላቸው ደስ ብሏቸው። የክበቡ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው ሰንጋ ተራ ስለሚኖሩ የእኛን ግቢ ጠብ የማያውቁ ብቸኛው ሰው ነበሩ።

እንግዲህ ሳክስፎኑ አንድ ቀን እነሱ ጋ፣ አንድ ቀን እኛ ጋ ማደር ጀመረ። ብሩክ ደጃችን ላይ ያስቀምጥና በሩን አንዴ ደብድቦ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው። ሳጥኑ ሲከፈት የነሐስ፣ የናፍታሌንና ያልደረቀ ጨርቅ ሽታ ይወጣል። ዛሬም ሳንቲም ባላበው እጄ ጨብጬ ስቆይ ያ ሽታ ይመጣብኛል። አፍ የሚነካውን ክፍል መጀመሪያ በሎሚ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በፍል ውሃ እፈትገዋለሁ። የሱን ምራቅ ከምነካ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም ሌላ ጣጣ መጣ። እናቴ «ያ ልጅ ወተት ጠጥቶ ቢነፋበትስ?» አለችኝ። እኔም ግቢው መሐል ቆሜ የሳክስፎኑን ሳጥን «አደራ ጾምህን ጠብቅ፤ ማንም በወተት አፉ እንዳይነካህ» አልኩት። በማግስቱ ብሩክ ሳጥኑን ሲያስረክብ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አይዞህ፣ ያለፈው ዓርብ እንቁላል እንቁላል የሸተትከው እኛ ቤት አድረህ አይደለም» አለው። ደሜ ፈላ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ እንቁላል የሚባል ነገር ቤታችን ደርሶ አያውቅም!

ግድግዳው ጭቃ ስለነበር ሲለማመድ አንድም ነገር አያመልጠኝም። የሆነ ቦታ ላይ ከተሳሳተ በማግስቱ ያችኑ ቦታ ግድግዳው ሥር ተጠግቼ፣ አሳምሬ፣ ደጋግሜ እነፋታለሁ። እሱም ለእኔ ስህተት እንደዚሁ ያደርጋል። አንዳንዴ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምለማመደው ሙዚቃ ወድጄ ሳይሆን ለሱ የሚነፋት ስህተት እንዳላተርፍለት ነበር። ጋሽ ታደሰ ምክንያቱን ሳያውቁ በመሻሻላችን ይደነቁ ነበር።

የፌስቲቫሉ ጥሪ የደረሰን ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥሪውን ያነበቡልን ጋሽ ታደሰ ናቸው። እያንዳንዱ ባንድ ቢያንስ አንድ ሶሎ ማቅረብ አለበት፤ ማለትም አንድ ተጫዋች ኖታው ካለቀ በኋላ ከራሱ አውጥቶ ይጫወታል። ዳኞቹ ሶሎ ካቀረቡት ተማሪዎች አንዱን ይመርጣሉ። የተመረጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ እየሄደ በነፃ ይማራል፣ ትምህርቱን እስኪጨርስም የሚለማመድበት መሣሪያ ይዋሳል። እኔ ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። የእኔ አፍ ብቻ የሚነካው፣ ዕለት ዕለት እኔ ጋ የሚያድር ሳክስፎን!

ጋሽ ታደሰ ግን «ዜማውን አንቺ ትጀምሪያለሽ፤ ሶሎውን ብሩክ ይወስዳል። የወንድ ትንፋሽ ይበረክታል» አሉ። ፊኛችን እኩል መፈንዳቱን ረስተውታል። ብሩክ ፊት ላለማልቀስ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። «ከኖታ ውጪ» የሚባል ነገር ወታደር በመሆናቸው ስለማይዋጥላቸው ለብሩክ ሶሎውን ራሳቸው ጽፈው አስጠኑት። እኔ በግድግዳው በኩል ከሱ ቀድሜ አጠናሁት።

እኔ ስነፋ ዓይኔን የመጨፈን ልማድ ነበረኝ፤ አሁንም አለብኝ። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ የሳክስፎኑን ርክክብ በቃል አደረጉት። ብሩክን «የዜማው ዙር ሲያልቅ ጆሮዋ ሥር ‹ስጪኝ› በላት» አሉት። ወደ እኔ ዞረውም «አንቺም ሳይልሽ እንዳትለቂ፤ መሣሪያ ያለ ትእዛዝ ከእጅ አይወጣም» አሉ። ብሩክ ታዲያ ሊለኝ ነው? በልምምድ ሁሉ ከኋላችን ተቀምጦ ድራም የሚመታው ዳዊት በሱ ፈንታ «ስጪው!» እያለ ይጮህልኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ጆሮአቸው ከጥሩንባ ብዛት ደከም ያለ ስለነበር ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ አይለዩም።

ቀኑ ደረሰ። የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ አዲስ ምንጣፍ ምንጣፍ ይሸታል። ከእኛ በፊት የነበረው ባንድ ከቦሌ የመጣ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ሳክስፎናቸው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ። ከነሱ አንዷ እኔና ብሩክ ከአንድ ሳጥን አጠገብ ስንቆም አይታ ለጓደኛዋ «ለሁለት አንድ? ሼር ያደርጋሉ ማለት ነው፤ ሶ ኪዩት!» አለቻት። ልቧጭራት ምንም አልቀረኝም። የነሱ ሶሎ ተጫዋች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ያ ልጅ ሲነፋ አዳራሹ ከወንበሩ ተነሳ።

እኛ ስንወጣ የመድረክ ሠራተኞቹ ድራሙን ወደ ኋላ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርገውት አገኘን። እኛም የጋራ መልእክተኛችን ከጆሮአችን እንደራቀ ልብ ሳንል ቦታችንን ያዝን።

ጀመርኩ። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ቀላል ዜማ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ዙሩን ጨረስኩና ቃሉን ጠበቅሁ። ቃሉ አልመጣም። አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። ብሩክ አጠገቤ ቆሞ እጁን በግማሽ ዘርግቷል፤ አፉ ግን እንደተዘጋ ነው። ከኋላ ዳዊት ይጮሃል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፣ ድምፁ ግን በራሱ ድራም ተውጧል። «ስጪኝ» ቢለኝ እሰጠው ነበር። ማርያምን! ግን ደጃችን ላይ እየደበደበ የሚሄድ ልጅ ሺህ ሰው ፊት አንድ ቃል ለማውጣት ከከበደው እኔ ምን አገባኝ? ባንዱ ወደ ሁለተኛው ዙር ገብቷል። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

ለኔ የተጻፈልኝ አልቋል። በግድግዳው በኩል የሰረቅሁትን የብሩክን ሶሎ ልነፋ ነበር፣ ጠላሁት፤ የሱ ነገር አፌ ውስጥ እንዲገባ አልፈለግሁም። ስለዚህ ንዴቴን ነፋሁ። አጥር ጥግ የተገፋውን በርሜል ነፋሁ። ያልበላሁትን እንቁላል፣ የወንድ ትንፋሽ የተባለውን፣ ያቺን ኪዩት ያለችን ልጅ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነፋሁባቸው። ስጨርስ አዳራሹ ቆሟል፣ የብሩክም እጅ ወርዷል።

ተመረጥኩ። ጋሽ ታደሰ ከመድረክ ስንወርድ ፊታቸው ቀልቶ «ትእዛዝ አፍርሰሻል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሳይልሽ እንዳትለቂ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ወደ ብሩክ ዞሩ። ብሩክ ጫማውን ያያል። ጋሽ ታደሰም ሳጥኑን አንስተው ቀድመውን ወጡ።

እናቴ ያን ዕለት ለግድግዳው ያልነገረችው ነገር የለም። ከወዲያ በኩል መጥረጊያዋ መልስ አልሰጠችም። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሳክስፎን በብሩክ ተራም ደጃችን ላይ ይገኝ ጀመር። በሩን ግን መደብደብ ትቷል። እኔ የራሴ ተውሶ ሳክስፎን ስላለኝ አላነሳውም፤ ሳጥኑ ደጅ ላይ ውሎ ያድራል። በኩርፊያ ላይ ኩርፊያ ጨመረ ብዬ ተናደድኩበት። ከሁሉም ያናደደኝ ግን ስሳሳት ከግድግዳው ማዶ የሚመልስልኝ መጥፋቱ ነው።

ሰፈራችን የፈረሰ ጊዜ ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች ሆነን ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት አይሱዙ ቆመዋል፤ አንዱ የእኛን ዕቃ፣ አንዱ የነሱን ይጭናል፤ የሚሄዱትም ወደ ተለያየ የከተማ ዳር ነው። እናቶቻችን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ብሩክ ፍራሽ ጭኖ ሲመለስ አቧራውን እያራገፈ ፊቴ ቆመ።

«ያን ቀን ዝም ያልኩሽ በኩርፊያ አልነበረም» አለኝ፣ ለእኔ፣ በቀጥታ። «ያ የቦሌ ልጅ ሲነፋ ሰምቼ ያጠናሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ማለቴ፣ ብትሰጪኝ የምነፋው አልነበረኝም። በቃ፣ ስትቀጥዪ እግዚአብሔርን ነው ያመሰገንኩት።»

«ውሸታም!» አልኩት። ከስንት ዘመን በኋላ የነገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ሾፌራቸው ጥሩንባ ሲነፋበት ሮጦ ተሳፈረ። ስልኩን አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

እናቴ አሁን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ቧንቧው ወጥ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ደረጃ ላይ የሚያገኟት ሁሉ በትሕትና ሰላም ብለዋት ያልፋሉ፤ ስማቸውን አታውቅም፣ ክፋታቸውንም አታውቅም። እኔ ቅዳሜና እሑድ ማታ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ በገዛሁት ሳክስፎን እጫወታለሁ። እንግዶቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጹኛል፤ ስሳሳትም እኩል ያጨበጭባሉ። ስህተቴን ጠብቆ፣ ለቅሞ፣ በማግስቱ የሚመልስልኝ ሰው የለም። እንደዚያ ዓይነት ጆሮ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም፤ ይናፍቀኛል፣ ሲናፍቀኝም እናደዳለሁ።

ብሩክ የነገረኝን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ያ የካፌው ማስታወቂያ ነው ያስለፈለፈኝ። ምን ብሎ ቢምል አላምነውም። ያን ቀን ዝም ያለው ስለጠላኝ ነው። ሶሎውን የወሰድኩት ከጠላቴ እጅ ነው እንጂ ከፈራ ልጅ እጅ አይደለም።