በትከሻ የወረደ ወይራ

ታላቅ ወንድሜ ግንድ ቆራጭ ነበር፤ እኔ ረዳቱ። ረዳት ስል የምታዘዝ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ በእጁ ሲሠራ እኔ በአፌ እቀድመው ነበር። ሦስት ዓመት ቆሎ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ዳዊት ደግሜ ስለተመለስሁ፣ ፊደል ባልቆጠረው ወንድሜ ሥራ ሁሉ ገብቼ የመፈትፈት መብት ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

የምንሠራው ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው ገደላገደል ነበር። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ያየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል፤ ወይራ ግን ሌላ ነው። ድንጋይ አቅፎ ነው የሚያድግ። ሥሩ ጠጠሩን ውጦ ይዘጋበታል፤ በየክረምቱ ጎርፍ የሚረጨው አፈርም ግንዱ ላይ ደርቆ ይቀራል። የሞተር መጋዙ ሰንሰለት ያንን ቆሻሻ ሲነካ እሳት ይተፋና ይዶለዱማል። ከዚያ ሞረድ ይዞ ቁጭ ነው፤ ግማሹ ቀን በመሳል ያልቃል። ስለዚህ ወንድሜ መጋዙን ከማስነሳቱ በፊት ቅርፊቱን በመጥረቢያ ይልጣል፣ ዙሪያውን ያለውን ጠጠር ይጠርጋል፣ ዛፉ ዞሮ ቢመጣበት የሚሸሽበትን መንገድ ያበጃል። እኔ ቆሜ አሾፍበታለሁ። ሠርግ ልትደግስ ነው ወይ እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይቆጣም ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት የሰበካችን ቤተ ክርስቲያን የበሩ መቃን በስብሶ በአዲስ ሊተካ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ወይራ ተመረጠ። የደብሩ አስተዳዳሪ መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ጠበል ረጩበት። ዛፉ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን። ድንጋይ ላይ ከወደቀ ስለሚሰነጠቅ ወንድሜ የክትክታ ቅጠል እንደ ፍራሽ አንጥፎ እዚያ ላይ ጣለው። አንድም ስንጥቅ አልነበረው። በማግሥቱ ለመቃን የሚሆነውን ቆርጠን ለየን፤ የሰበካው ወንዶችም ለመሸከም መጡ።

በእኛ አገር ለቤተ ክርስቲያን የተባረከ እንጨት መሬት ለመሬት አይጎተትም፤ በትከሻ ነው የሚሄደው። ርጥብ ወይራ ግን ከብረት አይቀልም፤ ቁልቁለቱም ተንከባላይ ጠጠር ብቻ ነው። ወንድሜ ቁልቁለቱን ሁለት ጊዜ ወርዶ ወጣና አስተዳዳሪውን ለብቻቸው ጠራቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

«አባ፣ ይፍቱኝና በገመድ እያንሸራተትን እናውርደው። ይህ መሬት ባዶውን ሰው እንኳ አያስቆም» አላቸው።

አባ ቁልቁለቱን ተመለከቱ። ፊታቸውን ሳየው ሊፈቅዱለት ነበር። እኔ ግን መች አስችሎኝ።

«የቤተ ክርስቲያን እንጨት እንደ ሞፈር ልንጎትት ነው?» አልሁ፤ ሕዝቡ እንዲሰማልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ በኋላ አባ ጎትቱት ሊሉ አይችሉም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው በትከሻ ይሁን አሉ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ወንድሜ አንድ ጊዜ አየኝና ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ አደረገ። ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው ከፊት ባለው ሰው ላይ ነው፤ ያን ቦታ ለሌላ አልሰጠም።

ስምንት ሆነን ተሸከምነው። ተዳፋቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ወንድሜ የጸና የሚመስል ድንጋይ ረገጠ፤ ድንጋዩ ተነቅሎ ሄደ። ከኋላ ያለነው ልንይዘው ሞከርን፤ አልቻልንም። ግንዱ ከነክብደቱ ጭኑ ላይ ወደቀ።

በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አወጣነው። ደባርቅ ወሰድነው፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ላኩን። አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ሚስቱ ከራስጌው፣ እኔ ከግርጌው ነበርን። ስለ እንጨቱ አንድ ቃል አላነሳብኝም፤ እኔም ይቅር በለኝ ለማለት ድፍረት አጣሁ። ነገ እለዋለሁ፣ ነገ እለዋለሁ ስል አረፈ።

በሩ ተሠርቶ አለቀ። ምእመኑ ሁሉ መቃኑን እየተሳለመ ይገባል፤ ሚስቱም ትሳለመዋለች። እኔ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም፤ እዚያው ቆሜ አስቀድሼ እመለሳለሁ። የማያውቁ ሰዎች ትሕትናዬን ያደንቃሉ።

ዘንድሮ ከሙት ዓመቱ በኋላ የሚስቱን አጥር ላጠብቅላት ቤቷ ሄድሁ። እሷ ደጅ ላይ ምስር ትለቅማለች። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ችካሉን ጣልሁና ከፊቷ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት። እሱ ምን ብሎ እንደለመነ፣ አባ ሊፈቅዱለት እንደነበር፣ እኔ ምን ብዬ እንደተናገርሁ። እጇ ከምስሩ ላይ አልተነሣም።

«አውቃለሁ» አለች። «ጎንደር ተኝቶ ሳለ ነግሮኛል። ወንድሜን በዚህ ነገር እንዳትጠይቂው ብሎ አስምሎኛል።»

እኔ የደበቅኋት መስሎኝ ነበር። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም እያወቀች፣ በየበዓሉ ጠርታ ስታበላኝ፣ ልጆቿን አጎታችሁ ነው እያለች እኔ ዘንድ ስትልክ ኖራለች። አፈርሁ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እስክጨርስ ድረስ ጠበቀችኝ።

«እኔ መሐላዬን ጠብቄያለሁ» አለች። «አሁን ግን አንተው አነሳኸው። ጎትታችሁት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

የምሸሽበት ቃል አላጣሁም። ቀኑ ደርሶ ነው ማለት እችል ነበር፤ በቀብሩ ዕለት አባም በዚሁ ነው ያጽናኑን። እሷም አሜን ብላ ምስሯን መልቀም ትቀጥል ነበር።

«ይተርፍ ነበር፣ እትዬ» አልኋት።